ፎሶሊያ፦ በሃምሳ ቀን ደርሶ በሁለት ቀን የሚያመልጥ ገንዘብ

በሁለት ወር ውስጥ ዘርቶ፣ ለቅሞና ሸጦ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚወጣበትን ሥራ የሚጠላ ነጋዴ የለም። ፎሶሊያ በከተማው ባለሀብት ዘንድ የሚወራለትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሽንኩርት ከመደብ ችግኙ ጀምሮ አራት ወርና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል፤ ቲማቲምም ቢሆን ሦስት ወር ሳይሞላው እጅ አይገባም። ፎሶሊያ ግን ዘሩ መሬት ከገባ ከ45 እስከ 60 ባሉት ቀናት ለለቀማ ይደርሳል። በመቂ፣ በዝዋይ (በዛሬው ስሟ ባቱ) ወይም በቆቃ ዙሪያ መሬትና ውሃ ያለው ገበሬ ፈልጎ፣ የዘርና የናፍጣ ወጪ ችሎ፣ የደረሰውን ምርት በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ማስገባት ነው ሥራው ይባላል።

ወሬው ሐሰት አይደለም፤ ግን የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው። ፎሶሊያ ቶሎ የመድረሱን ያህል ቶሎ ያመልጣል። አንድ ዛላ ቀጥኖና ለስልሶ ለገበያ የሚመችበት ጊዜ በሙቀት ወራት ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው ፍሬ ያብጣል፣ ቆዳው ክር ያወጣል፣ ገዢውም ፊቱን ያዞራል። በመሆኑም የፎሶሊያ ትርፍም ሆነ ኪሣራ የሚወሰነው ዘር በሚዘራበት ቀን ሳይሆን በሦስቱ የለቀማ ሳምንታት ነው። ገንዘቡን በሙሉ በዘርና በማዳበሪያ ጨርሶ ለለቀማው ባዶ እጁን የሚደርስ ባለሀብት ሥራውን በጨረሰ መሰለው ጊዜ ገና መጀመሩ ነው።

አንድ ተክል፣ ሁለት ገበያ

ፎሶሊያና ቦሎቄ በተክልነታቸው አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ በዝርያ መረጣና በሚሰበሰቡበት ጊዜ ላይ ነው። ፎሶሊያ ዛላው ክር እንዳይኖረውና ለስላሳ እንዲሆን ተመርጦ በእሸቱ የሚለቀም ሲሆን፣ ቦሎቄ ግን ማሳው ላይ ደርቆ የሚወቃ ነው።

በገበያ ዓይን ሲታይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ቦሎቄ መጋዘን ይገባል። ዋጋው ካልተመቸ ወር ሁለት ወር ይቆያል። ነጭ ቦሎቄ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚያገበያያቸው ሰብሎች አንዱ ለመሆን የበቃውም ስለሚከማች፣ ደረጃ ስለሚወጣለትና ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ በወረቀት ሊገበያዩበት ስለሚቻል ነው።

ፎሶሊያ ይህ ሁሉ የለውም። ከተለቀመ በኋላም ይተነፍሳል፤ ሙቀትም ያመነጫል። በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ፀሐይ ላይ የዋለ ፎሶሊያ ከመሐል ይሞቃል፣ ይላባል፣ በማግሥቱም ይጠወልጋል። ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነና እርጥበት ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ሊቆይ ይችላል። ከ5 ዲግሪ በታች ከወረደ ደግሞ ብርዱ ራሱ ይጎዳውና ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ነጠብጣብ ያወጣል። ማቀዝቀዣ የሌለው ነጋዴ፣ ማለትም አብዛኛው ነጋዴ፣ ያለው ጊዜ በቀን ሳይሆን በሰዓት የሚቆጠር ነው።

የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት «የሸረሪት ድር» የሚሉት የዋጋ ንድፈ ሐሳብ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰብል የተጻፈ ይመስላል። ገበሬው የዛሬን ዋጋ አይቶ ይዘራል፤ ምርቱ የሚደርሰው ግን ከሃምሳ ቀን በኋላ ነው። ዛሬ ዋጋው ጥሩ ከሆነ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይዘራል፤ ከሃምሳ ቀን በኋላም ሁሉም በአንድ ሳምንት ይለቅማል። ዋጋው ይወድቃል። በወደቀው ዋጋ የተበሳጨው ሁሉ ፎሶሊያን ይተዋል፤ ከሁለት ወር በኋላ ገበያው ባዶ ሆኖ ዋጋው እንደገና ይሰቀላል። በእህል ይህ ዑደት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን በፎሶሊያ ግን በአንድ በጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። የዛሬን ዋጋ ብቻ አይቶ የሚዘራ ሰው ሁልጊዜ አንድ ዑደት ወደ ኋላ ቀርቶ ይጓዛል።

ከገበያው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

ከዚህ መውጫው አንድ ነው። ሒሳቡን ከዘር ቀን ወደ ፊት ሳይሆን ከገበያ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር።

የአገር ውስጥ የፎሶሊያ ፍላጎት ከጾም ጋር የተያያዘ ነው። ከካሮት ጋር የሚሠራው ፎሶሊያ የጾም በያይነቱ ሳህን ቋሚ አባል በመሆኑ በረቡዕና በዓርብ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በ55ቱ ቀን በዐቢይ ጾም፣ የሆቴሎችና የምግብ ቤቶች ግዢ ይጨምራል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የጾሙ መግቢያ በየዓመቱ የሚለዋወጥ መሆኑን ነው። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ሊገባ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የገባው መጋቢት 2 ቀን ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን የካቲት 17 ቀን ገባ። በአንድ ዓመት ብቻ የ15 ቀን ልዩነት ማለት ነው።

ለሽንኩርት ነጋዴ 15 ቀን ብዙ ላይሆን ይችላል። ለፎሶሊያ ግን የአንድ ዘር አብዛኛው የለቀማ ዕድሜ ነው። ከዘር እስከ መጀመሪያው ለቀማ 50 ቀን ብንወስድ፣ በ2016 ዓ.ም. የጾሙን መግቢያ ለመያዝ ጥር 12 መዝራት ይበቃ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ታኅሣሥ 27 መዝራት ያስፈልግ ነበር። «አምና በዚህ ቀን ዘርቼ ተሳክቶልኛል» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ በታኅሣሥና በጥር የስምጥ ሸለቆ ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ ተክሉ ይዘገያልና ለዚያ ወቅት ጥቂት ቀናት መጨመር ያሻል።

አንድ ጊዜ የተዘራ ማሳ የሚለቀመው ለሦስት ሳምንት ገደማ ስለሆነ ጾሙን በሙሉ በአንድ ዘር መሸፈን አይቻልም። አንድ ሄክታር ያለው ሰው ሄክታሩን በአንድ ቀን ከሚዘራ በአራት ከፍሎ በየ14 ቀኑ ቢዘራ፣ አንደኛው ማሳ ሲያልቅ ሁለተኛው ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጋው በወደቀበት ሳምንት ገበያ ላይ የሚኖረው ከጠቅላላው ምርት ትንሹ ክፍል ብቻ ይሆናል። መጋዘን ለሌለው ሰብል መጋዘኑ ይህ የአዘራር ቅደም ተከተል ነው።

የአየሩ ጠባይም ከመቁጠሪያው ውስጥ መግባት አለበት። ፎሶሊያ የሚስማማው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ያለ ሙቀት ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን አበባው ይረግፋል፤ ውርጭ ካገኘው ደግሞ ያልቃል። ስለዚህ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የሚያሰጋው ደጋም፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ሐሩር የሚያይልበት ቆላም በየወቅቱ አይመቹትም። የዝዋይና የመቂ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ መሆኑና ውሃው ቅርብ መሆኑ ለዚህ ሥራ የተመረጠ አድርጎታል። በክረምት ለፍልሰታ ጾም የሚዘራው ፎሶሊያ የውሃ ሞተር ወጪ ይቀንስለታል፤ በአንጻሩ ዋግና የሥር መበስበስ ይበዛበታል፣ ማሳው ጨቅይቶ ለመኪናም ያስቸግራል።

ወጪው የሚያርፍበት

ፎሶሊያ እንደ ሽንኩርት ወይም እንደ ቲማቲም በጥቂት ግራም ዘር የሚጀመር ሰብል አይደለም። በመስመርና በመስመር መካከል 40፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ቢዘራ በአንድ ሄክታር 250 ሺህ ፍሬ ይገባል። ይህ እንደ ፍሬው ክብደት ከ50 እስከ 75 ኪሎ ይሆናል። ዘሩ ከውጭ የመጣ ከሆነ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ የዘሩንም የመድኃኒቱንም ሒሳብ ለውጦታል።

ተክሉ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ ከራስ ማሳ ዘር ማስቀረት ይቻላል። ብዙ ገበሬዎችም ያደርጉታል። አደጋው በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች መኖራቸው ነው። ንጹሕ መስሎ ከታመመ ማሳ የተያዘ ዘር በሚቀጥለው ጊዜ በሽታውን ከመጀመሪያው ቅጠል ጋር ይዞ ይበቅላል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በቦሎቄና በፎሶሊያ ዝርያዎች ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራ በመሆኑ፣ አገር ውስጥ የወጣ ዘር መጠየቅ ለሚሻ ሰው የመጀመሪያው በር እሱ ነው።

ፎሶሊያ እንደ ሌሎች ጥራጥሬዎች ከአየር ናይትሮጅን የሚይዝ ቢሆንም ከባቄላ ጋር ሲነጻጸር አቅሙ ደካማ ነው። «ጥራጥሬ ነውና ማዳበሪያ አያሻውም» ማለት ስሕተት ነው። የውሃ ፍጆታውም እንደ አየሩና እንደ ዕድሜው ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በሄክታር ከ3,000 እስከ 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። አጭር ዕድሜ ያለው ፎሶሊያ ወደ ዝቅተኛው ይጠጋል። በአበባና ዛላ በሚይዝበት ጊዜ ውሃ የተቋረጠበት ማሳ ዛላው ይጣመማል፣ ይከረክራል። የውሃ ሞተሩ በዚያ ሳምንት ተበላሸ ወይም ናፍጣ ጠፋ ማለት ምርቱ በግማሽ ጠፋ ማለት ሊሆን ይችላል።

ተባዩም አያንስም። ገና በቡቃያው ግንዱን የሚሰረስር የቦሎቄ ዝንብ፣ አበባውን የሚመጥ ትሪፕስ፣ ዛላውን የሚበሳ ጓይ ትል፣ ቅጠሉን የሚያቃጥል ዋግ አለ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በመስኖ በጥሩ ሁኔታ ለተያዘ ማሳ የሚሰጠው ጥሩ የንግድ ምርት በሄክታር ከ60 እስከ 80 ኩንታል እሸት ነው። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባ ሰው ካጋጠመ በትዕግሥት መስማት፣ በጥንቃቄም መቁጠር ይገባል።

«ይቆይ» ማለት ኪሣራ ሲሆን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ማሳው በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ መለቀም አለበት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሰባት እስከ አሥር ለቀማ ማለት ነው። ለቀማው በእጅ ነው፤ ዛላው ቀጭን በሆነ ቁጥር አንድ ኪሎ ለመሙላት የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። ሥራው የሚጀመረው ጠል ከረገፈ በኋላ ነው፤ እርጥብ ተክል እየነኩ መዞር በሽታ ያዛምታልና። ፀሐዩ ሳይከር ደግሞ ማለቅ አለበት። ብዙ ሰው ለጥቂት ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ዋጋ በወደቀ ሳምንት ባለሀብቱ በስልክ የሚሰጠው ትእዛዝ የታወቀ ነው። «ይቆይ፣ አይለቀም» ይላል። ለለቃሚና ለመኪና ከፍሎ በኪሣራ ከመሸጥ ማሳው ላይ ቢቆይ ይሻላል ብሎ ነው። ለድንች ወይም ለካሮት ይህ አነጋገር ለጊዜውም ቢሆን ያስኬዳል። ለፎሶሊያ ግን «ይቆይ» የሚባል ነገር የለም። ያልተለቀመው ዛላ ፍሬ መሙላት ሲጀምር ተክሉ ኃይሉን ሁሉ ወደዚያ ያዞራል፤ አዲስ አበባና አዲስ ዛላ ማውጣቱን ይቀንሳል። አንዱን ለቀማ የዘለለ ሰው የዚያን ቀን ምርት ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉትንም ለቀማዎች ቆርጧል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። ቁጥሩ ለማስረዳት የቀረበ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ለለቃሚ፣ ለመኪናና ለደላላ በኪሎ በድምሩ 20 ብር ይወጣል እንበል፤ የገበያው ዋጋ ደግሞ ወደ 17 ብር ወርዷል። የዛሬው ለቀማ 600 ኪሎ ነው። ለቅመን ብንሸጥ 1,800 ብር እንከስራለን። ባንለቅም ደግሞ የቀሩት አራት ለቀማዎች፣ በድምሩ 2,400 ኪሎ የሚሆኑት፣ በግማሽ ይቀንሳሉ ብንል 1,200 ኪሎ ይጠፋል። ዋጋው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ 30 ብር ቢመለስ በኪሎ 10 ብር፣ በጠቅላላው 12,000 ብር አመለጠን ማለት ነው። የ1,800 ብር ኪሣራ ለመሸሽ 12,000 ብር መጣል ይሆናል። በዚህ ምሳሌ ዋጋው ከ21 ብር ከ50 ሳንቲም በላይ እንደሚሆን ተስፋ እስካለ ድረስ ዛሬ በኪሣራ መልቀም ያዋጣል።

በአንጻሩ ማሳው የመጨረሻ ሳምንቱ ላይ ከሆነና የሚጠበቅ ለቀማ ከሌለ፣ በኪሣራ መልቀም በኪሣራ ላይ ኪሣራ ነው፤ መተው ይሻላል። በሁለቱም ጊዜ ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለናፍጣ የወጣው ገንዘብ ከሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ያ ገንዘብ ወጥቷል፤ ብንለቅምም ባንለቅምም አይመለስም። «ይህን ያህል አፍስሼበት እንዴት በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ?» የሚለው ቁጭት ስሜቱ የሚገባ ቢሆንም በለቀማ ጠዋት ጥሩ አማካሪ አይደለም።

የአውሮፓው በርና የጅቡቲው መንገድ

ፎሶሊያ ለኢትዮጵያ አዲስ የውጭ ንግድ ምርት አይደለም። አበባ ስሙ ሳይነሣ በፊት፣ በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ሳይቀሩ ወደ አውሮፓ ይልኩት ነበር። ምክንያቱ የወቅት ነው። የአውሮፓ ገበሬ ሜዳ ላይ ፎሶሊያ የሚያመርተው በበጋው ሲሆን፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ገደማ ገበያው ከውጭ ይጠብቃል። እኛ ዘንድ ያ ጊዜ ዝናብ የሌለበት፣ በመስኖ ለመሥራት የሚመች ነው።

በሩ ግን ጠባብ ነው፤ ጠባብነቱም የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ በጣም ቀጭን የሚባለው ፎሶሊያ ውፍረቱ ከ6፣ ቀጭኑ ከ9፣ መካከለኛው ከ12 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ዛሬ ቀጭን የነበረው ከነገ ወዲያ መካከለኛ ነው። ደረጃ ሲወጣ 100 ኪሎ ተለቅሞ 30 ኪሎ ከተጣለ፣ የቀረው የ70 ኪሎው ወጪ በኪሎ 43 ከመቶ ይጨምራል። ላኪው ያተርፍ የነበረው በዚያችው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጠባብ በር የመድኃኒት ቅሪት ነው። በዚህ ንግድ ከእኛ እጅግ የቀደመችው ኬንያ ትምህርቱን በውድ ገዝታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ የአውሮፓ ኅብረት ዳይሜቶኤት የተባለው የተባይ መድኃኒት ቅሪት በተደጋጋሚ በመገኘቱ ከኬንያ ከሚገቡ የፎሶሊያና የአተር ጭነቶች 10 ከመቶ የሚሆኑት እንዲመረመሩ አዘዘ። ጭነቱ ምርመራ እስኪጠብቅ ዕድሜው ያልቃል። ጥፋቱ የጥቂቶች ቢሆንም ሒሳቡን የከፈለው ሁሉም ላኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዩሬፕጋፕ ተብሎ የተጀመረው፣ ከ2007 ወዲህ ግሎባልጋፕ የሚባለው የጥሩ አመራረት ማረጋገጫ በትልልቅ የአውሮፓ መደብሮች የሚጠየቀውም ከየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ተረጨ የሚለው በጽሑፍ እንዲገኝ ነው። ይህ መዝገብ ለአንድ ሄክታር ባለቤት ብቻውን ከባድ ነው፤ በኅብረት ሥራ ወይም ከላኪ ድርጅት ጋር በውል ለሚሠራ ግን ይቀላል።

ለጀማሪ ቀረብ የሚለው የጅቡቲ ገበያ ነው። ከኢትዮጵያ አትክልት ሲገዛ የኖረ፣ መንገዱም በአየር ሳይሆን በምድር የሆነ ነው። የሙቀቱ ነገር ግን የታወቀ ስለሆነ ያለ ማቀዝቀዣ የተጫነ ፎሶሊያ መድረሱ እንጂ በምን መልክ መድረሱ አጠያያቂ ነው።

ባለሀብቱ፣ ገበሬውና ደላላው

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የተለመደው አሠራር የእኩል ነው። ገበሬው መሬቱንና ጉልበቱን፣ ባለሀብቱ ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና ናፍጣውን ያወጣና ምርቱን ወይም ከወጪ የተረፈውን ይካፈላሉ። ለሽንኩርት የተበጀው ይህ ልማድ ሳይሻሻል ለፎሶሊያ ሲውል ጸብ የሚፈጠረው በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ዋጋ በወደቀ ቀን ለቃሚውን ማን ይከፍላል? ይህ አስቀድሞ ካልተጻፈ ባለሀብቱ «ይቆይ» ይላል፣ ገበሬው ለቃሚ መቅጠሪያ የለውም፣ ማሳው በመካከል ይደርቃል።

ስለዚህ ውሉ ቢያንስ ሦስት ነገር ቢይዝ ይመረጣል። አንደኛ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ለቀማዎች የሚበቃ የለቃሚ ክፍያ ከዘር ግዢው ጋር አብሮ እንዲቀመጥ፤ ለሌላ ጉዳይም እንዳይነካ። ሁለተኛ፣ በየትኛው ዋጋና በየትኛው የማሳ ዕድሜ ለቀማ እንደሚቆም አስቀድሞ እንዲወሰን። ሦስተኛ፣ መድኃኒት የተረጨበት ቀን እንዲመዘገብና ከርጭት በኋላ መጠበቅ ያለበት ቀን ሳይሞላ እንዳይለቀም። የመጨረሻው ለውጭ ገበያ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ያንኑ ፎሶሊያ እቤቱ እንደሚበላው ያስታውስ።

ደላላውን በተመለከተ፣ የዋጋ መውደቅ ሁሉ በእሱ ሲሳበብ ይሰማል። አዲስ አበባ ምን ያህል መኪና እንደገባ ለገበሬው የሚነግረው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ነው። የአትክልት ተራው ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲዛወር፣ ገዢና ሻጭን መልሶ ያገናኘው በአብዛኛው የደላላው ስልክ ነው። ለደላላውም ቢሆን በፎሶሊያ የሚያዋጣው መንገድ አለ። በጅምላ «ፎሶሊያ መጣ» ከማለት ይልቅ ቀጭኑን ለሆቴል፣ መካከለኛውን ለችርቻሮ ለይቶ ማቅረብ፣ በከረጢት የሚመጣውን በፕላስቲክ ሳጥን እንዲመጣ ማድረግ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ስንት ማሳ እንደሚደርስ መዝግቦ መያዝ። ይህን የሚያውቅ ደላላ በኪሎ የሚያገኘው ሳንቲም ሳይሆን በደንበኛው ዘንድ ያለው ስም ያኖረዋል።

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። በፎሶሊያ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ጎረቤት ዘራ ብሎ በዘር የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ በለቀማ የዘገየ ግን የሚለቅመውም አያገኝ። የሚቀጥለውን ጾም ገበያ የሚያስብ ነጋዴ ካለ፣ ዘር ከመግዛቱ በፊት የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ ይመልከት፤ ገንዘቡንም ቆጥሮ የለቃሚውን ድርሻ ለብቻው ያስቀምጥ።